ያለ አስተናጋጅ የማይነሳ አውሮፕላን፦ አየር መንገድ ለአድማ ምን መልስ አለው?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ልጄ አውሮፓ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ሆስተስ ናት። ወንድሟ እዚያው ከተማ ልጅ ወልዶ ክርስትናው ደርሷል። እሷ በሠራተኛነቷ ባወጣችልኝ የቤተሰብ ትኬት ልሄድ ተሰናድቻለሁ። አሁን ደግሞ ‹እማዬ፣ አድማ ልንመታ ነው› አለችኝ። አየር መንገዱ ምን ያደርጋቸዋል? በሌላ ሰው ይተኳቸዋል ወይ? ከሥራዋስ ትባረር ይሆን? የእኔ ጉዞስ?»

እናቴ፣ እንኳን ለልጅ ልጅዎ ክርስትና አደረሰዎ። ከትኬትዎ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። የትኬቱ ነገር የሚገባው የቀረው ከተነገረ በኋላ ነው። ትንሽ ይታገሱኝ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ከመግባቴ በፊት ውጭ አገር በአየር መንገድ የሠራተኛ ምደባ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማን በየትኛው በረራ ይወጣል፣ ማን ያርፋል፣ ማን ቤቱ ሆኖ ስልክ ይጠብቃል፣ ይህን የምንደለድለው እኛ ነበርን። አድማ ሊመጣ ነው ሲባል አለቆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ክፍል ነው። ጠበቃ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሰው ቁጥር ነዋ።

እስቲ መናኸሪያ እንሂድ። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ረዳቱ አኩርፎ ቢቀር ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ከጎኑ የተቀመጠውን ጎረምሳ «እስቲ ሒሳብ ሰብስብልኝ» ይለዋል። ጉዞው ይቀጥላል። አውሮፕላን ላይ ይህ አይሠራም። እኛ ተሳፋሪዎች አስተናጋጇን የምናውቃት በሻይና በምሳ ነው። ሕጉ ግን የሚያውቃት እሳት በማጥፋትና በር ከፍታ ሰው በማስወጣት ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ተሳፋሪ እንዲጭን ከመፈቀዱ በፊት፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ በሙሉ የተጫነው ሰው በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ይህ ያለ ሠለጠነ ሰው አይታሰብም። ስለዚህ በአውሮፓም በአሜሪካም ደንቡ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ይላል። 180 መቀመጫ ያለው ኤርባስ ኤ320 አራት ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። አብራሪው ቀርቧል፣ ነዳጁ ሞልቷል፣ ተሳፋሪው ተሰልፏል፣ አስተናጋጅ ግን የለም። አውሮፕላኑ ይቆማል። የልጅዎና የጓደኞቿ ጉልበት ይሄ ነው።

አየር መንገዱ ያንኑ ቁጥር ከወዲያኛው ጫፍ ያነበዋል። ረጅም በረራ ላይ ከሕጉ በላይ ሰው ይመደባል፤ መስተንግዶው እንዲያምር። የአድማ ማስታወቂያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ያ ትርፍ ነው። ትኩስ ምግብ ይቀርና በካርቶን የታሸገ ሳንድዊች ይመጣል። ከዚያ የተረፈው ሰው ሌላ በረራ ይሞላል። ቀጥሎ ፈቃድ ይሰረዛል፣ ሥልጠና ይተላለፋል። ዱሮ አስተናጋጅ የነበሩና አሁን ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ስም ይለቀማል። የምስክር ወረቀታቸው ያልተቃጠለ ካለ «ነገ ልብስህን አስተኩስ» ይባላል። በአንዱ አድማ ዋዜማ እኔ ራሴ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳገላብጥ አድሬያለሁ። ሲነጋ ካገኘኋቸው ስሞች ግማሾቹ ጡረታ የወጡ ነበሩ።

የመጣውን ሰው ደግሞ እንደፈለጉ ማሠራት አይቻልም። በአውሮፓ ደንብ አንድ አስተናጋጅ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድላትም። ዕረፍቷም በሕግ የተቆጠረ ነው። ስለዚህ በአድማው የመጀመሪያ ቀን የታየው ጥንካሬ በአምስተኛው ቀን አይገኝም። ማኅበራቱ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አንዳንዴ ሦስት ቀን መትተው፣ አራት ቀን ሠርተው፣ እንደገና የሚመቱት ለዚህ ነው። ደመወዝ የሚያጡት ጥቂት ቀን ነው፤ የአየር መንገዱ መርሐ ግብር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ይናጋል።

የበረራ ስረዛውም በጭፍን አይደለም። ባቡርና አውቶቡስ ያለበት የአጭር መንገድ በረራ ቀድሞ ይሰረዛል። በቀን አምስቴ የሚበረርበት ከተማ ሁለት ይቀርለታል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚኬድበት ሩቅ አገር የቻሉትን ያህል ይጠበቃል፤ እዚያ የቀረ ተሳፋሪ ሌላ መውጫ የለውማ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የእርስዎ በረራ ብዙ ጊዜ ከዚህኛው ወገን ነው። አንዳንዴም አውሮፕላኑ ባዶውን ይበራል። በ1993 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) የአሜሪካን ኤርላይንስ ከ20,000 በላይ አስተናጋጆች አድማ ሲመቱ ካምፓኒው አንዳንድ አውሮፕላን ያለ ተሳፋሪ አስነስቷል። ተሳፋሪ ከሌለ አስተናጋጅ አያስፈልግም፤ አውሮፕላኑም በማግስቱ የሚፈለግበት ቦታ ይደርሳል። ያ አድማ የተመታው የምስጋና በዓላቸው ሰሞን ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ፕሬዝዳንት ክሊንተን ገብተውበት በሽምግልና እንዲያልቅ ተስማሙ። በዓል መመረጡ አይድነቅዎ። እኛስ አገር አጫጅ ዋጋ የሚጨምረው ጤፉ ደርሶ ደመና ሲያንዣብብ አይደል?

ቀጥሎ ያለው መልስ ኪራይ ነው። ሌላ አየር መንገድ ጋ ሄዶ አውሮፕላኑን ከነአብራሪው፣ ከነአስተናጋጁ መከራየት። በሙያው ዌት ሊዝ ይባላል። ጎጃም ላይ በሬውን ከነአራሹ መከራየት ብንለው ያው ነው። ዋጋው ያቃጥላል። በዚያ ላይ የአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ይጠይቃል። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፦ ሠራተኞቹ የሌላ ቤት ስለሆኑ አድማው አይነካቸውም።

እነዚህን መልሶች ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት ለሚፈልግ የእንግሊዙን የብሪቲሽ ኤርዌይስን ታሪክ የሚያክል የለም። በ2009 መጨረሻ ካምፓኒው በረጅም በረራ ላይ ከሚወጡት አስተናጋጆች ቀነሰ። በትልቁ ቦይንግ 747 ላይ 15 የነበሩት 14 ሆኑ። ከውጭ ላየው የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ለማኅበሩ ግን «ሳታማክሩን ቆረጣችሁ» ነው። ድምፅ ተሰጠ፤ ከመራጩ 92 ከመቶው አድማ ይሁን አለ። ያውም ለ12 ቀን፣ ከገና እስከ አዲስ ዓመት። የካምፓኒው የመጀመሪያ መልስ አውሮፕላን አልነበረም፤ ፍርድ ቤት ነው የሄደው። ጠበቆቹ የድምፅ አሰጣጡን መዝገብ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ሥራ ለመልቀቅ ተስማምተው የነበሩ፣ አድማው ሲደርስ ቤቱ የማይኖሩ ሰዎች ሁሉ ድምፅ ሰጥተዋል። ዳኛዋ በታኅሣሥ 17 አድማውን አገዱት። 92 ከመቶ በአንድ ስሕተት ተበላ። ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የማኅበራቸው የአባላት መዝገብ የጸዳ ነው ወይ? ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ማኅበሩ እንደገና ድምፅ አሰጠ፤ በመጋቢት 2010 አድማው ተመታ። በዚህ ጊዜ የካምፓኒው አለቃ ዊሊ ዋልሽ ተዘጋጅተው ጠበቁ። ከ20 በላይ አውሮፕላን ከነሠራተኛው ተከራዩ። ከካምፓኒው ከራሱ ደግሞ ፈቃደኛ ፈልገው ወደ 1,000 ሰው በአስተናጋጅነት አሠለጠኑ፤ ከቢሮም፣ ከአብራሪዎቹም። አብራሪው ምሳ ሲያቀርብ ይታይዎ! ነገሩ ሊያስቅ ይችላል፤ ለአስተናጋጆቹ ግን አልነበረም። ከአድማው ይልቅ ለዓመታት የቆየው ቂም ያ ነው። በር ላይ ቆሞ የሚቃወመውን ባልደረባ አልፎ፣ የእሱን ልብስ ለብሶ፣ የእሱን ቦታ ይዞ የበረረ ሰው በኋላ እንዴት አንድ አውሮፕላን ላይ አብሮ ይሠራል? ጎጃም ውስጥ ከወንፈል ወጥቶ የቀረን ሰው መንደሩ እንዴት እንደሚያየው ያውቃሉ። ያን ይመስላል።

ከዚያ አራተኛው መልስ መጣ፤ እናቴ፣ እርስዎን የሚነካው ይሄ ነው። ካምፓኒው አድማ የመታውን ሁሉ የጉዞ ጥቅሙን ቀማ። ሠራተኛ ራሱም ቤተሰቡም በትንሽ ገንዘብ የሚበርበት ትኬት ማለት ነው። ብዙ አስተናጋጆች ቤታቸው ከሚነሱበት ከተማ ሩቅ ነው፤ ሥራ የሚመጡትም በዚያ ትኬት ነበር። የካምፓኒው መከራከሪያ «ይህ ደመወዝ አይደለም፤ በፈቃዳችን የሰጠነው ነው» የሚል ነው። ጭቅጭቁ ከዚያ ወዲህ መልኩን ቀየረ። ስለ ሰው ቁጥር የተጀመረው ጠብ ስለ ትኬት ሆነ። በ2010 አድማው በጠቅላላ 22 ቀን ሄዷል፤ ካምፓኒው ወደ 150 ሚሊዮን ፓውንድ አጣሁ ብሏል። ብናካፍለው በቀን ወደ 7 ሚሊዮን ነው። ስምምነት የተገኘው በ2011 ነው። ከስምምነቱ አንዱ ነጥብ የተቀማው የጉዞ ጥቅም እንዲመለስ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ካምፓኒው በዚያው በ2010 አዲስ ለሚቀጠሩ አስተናጋጆች ለብቻ ምድብ አቋቋመ። ደመወዛቸው ከነባሮቹ ያነሰ፣ ደንባቸው የተለየ። ነባሮቹን ሳይነኩ በጊዜ ብዛት መተካት ነው ዘዴው። በወረቀት ላይ ብልህ ይመስላል። በ2017 ግን አድማ የመቱት እነዚያው አዲሶቹ ናቸው፤ ደመወዙ አይበቃንም ብለው። ካምፓኒው እንደገና ኪራይ ገባ፤ ዘጠኝ አውሮፕላን ከነሠራተኛው ከኳታር አየር መንገድ አመጣ። በእኔ ግምት አለቆች ለአድማ ከሚሰጡት መልስ ሁሉ ርካሽ የሚመስለውና ውሎ አድሮ ውድ የሚሆነው ይህ ነው።

«በሌላ ሰው ይተኳቸዋል ወይ?» ላሉኝ፣ መልሱ እንደ አገሩ ነው። አሜሪካ ይቻላል። በ1986 ቲደብሊውኤ የሚባለው አየር መንገድ አስተናጋጆች 72 ቀን አድማ መትተው ሊመለሱ ሲሉ ቦታው በአዲስ ቅጥርና አድማውን ጥለው በገቡ ባልደረቦች ተይዞ ጠበቃቸው። እስከ መጨረሻው ከጸኑት ወደ 5,000 ሰዎች መጀመሪያ የተጠሩት 200 እንኳ አይሞሉም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ካምፓኒው ረታ። ካናዳ በተቃራኒው ከሰኔ 2025 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ሥር ባሉ እንደ አየር መንገድ ያሉ ድርጅቶች አድማ የመታን ሠራተኛ በምትክ መሙላት ከልክላለች። ጀርመን ሕጋዊ አድማ የመታ ሰው አይባረርም፤ ውሉ ለጊዜው ይቆማል፣ ደመወዝም አይከፈለውም። ጣሊያን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ማታም ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያሉ በረራዎች ከአድማ የተጠበቁ ናቸው። ስፔን መንግሥት «ይህን ያህሉ በረራ የግድ ይኑር» ብሎ ይወስናል።

ስለዚህ ልጅዎ ትባረር ይሆን ለሚለው፦ ውሏ በየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ ይጠይቋት። የካምፓኒው ስም ብቻ አይበቃም። አድማውን የጠራው ማኅበሩ ከሆነና ድምፁ፣ ማስታወቂያው፣ ቀኑ በሕጉ ከሄደ አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው ሥራዋ አይነካም። ደመወዟ ግን ይቆረጣል። ብቻዋን «አሞኛል» ብላ ብትቀር ነገሩ ሌላ ነው። እባክዎ እንዲህ እንዳታደርግ ይንገሯት። አድማ መብት ነው፤ የውሸት ሕመም ደግሞ ለአለቃ የተሰጠ ስጦታ ነው።

መንግሥት ሲገባበትስ? የቅርቡ ምሳሌ ኤር ካናዳ ነው፤ ነሐሴ 2025። ከ10,000 በላይ አስተናጋጆች። ትልቁ ቅሬታቸው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ የሚሠሩት ሥራ አይከፈልበትም የሚል ነበር። ሰው ማሳፈሩ፣ ሻንጣ ማስቀመጡ፣ ደኅንነት መፈተሹ። ክፍያው የሚቆጠረው አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነበር። ለገበሬ «በሬው መራመድ ከጀመረበት ነው የምከፍልህ፤ ጠምደህ፣ ሞፈር ቀንበሩን አስተካክለህ የቆየኸው አይቆጠርም» እንደማለት ነው። ካምፓኒው አድማው እስኪጀመር አልጠበቀም። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ በረራዎቹን ቀስ በቀስ ማቆም ጀመረ፤ አውሮፕላንና ተሳፋሪ በየሰው አገር ተበትነው እንዳይቀሩ። እኔ በዚህ አልወቅሰውም። ተሳፋሪን ኤርፖርት ወለል ላይ ከማስተኛት ከሦስት ቀን በፊት «በረራህ የለም» ማለት ይሻላል። አድማው ነሐሴ 16 ተጀመረ። በዚያው ቀን ሚኒስትሯ በሠራተኛ ሕጉ አንቀጽ 107 ወደ ሥራ እንዲመለሱ አዘዙ። አስተናጋጆቹ እምቢ አሉ! ነሐሴ 19 ስምምነት ተደረሰ፤ የመሬት ላይ ሥራ ክፍያም ገባበት። ግን ሥራው ወደ ቦታው እስኪመለስ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል ነው የተባለው። ስለዚህ «አድማው አለቀ» የሚል ዜና ሲሰሙ ወዲያው ሻንጣ አይዝጉ።

በአገራችንስ የአየር መንገድ አድማ ለምን አይሰማም ላሉ ሌሎች ጠያቂዎች በአጭሩ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ለሠራተኛ አድማ የመምታት መብት ይሰጣል። የ10 ቀን ማስታወቂያ አለው፣ ቢያንስ ከማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው የተገኘበት ስብሰባም ይፈልጋል። የአየር ትራንስፖርትን ግን እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት የሕዝብ አገልግሎቶች ስለሚቆጥረው እዚያ ሥራ ማቆም ክልክል ነው። ክርክሩ የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ ወደሚወስን ቦርድ ይሄዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት ጠበብት እንዲህ ያለውን ክልከላ ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ይቀበሉታል፤ ለመላው የአየር ትራንስፖርት ግን አይቀበሉትም። ይህ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ለሌላ ቀን።

አሁን ወደ ትኬትዎ። የአውሮፓ ደንብ ቁጥር 261/2004 በአውሮፓ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚበርን ተሳፋሪም ይጠብቃል። በረራው ቢሰረዝ ገንዘቡን መመለስ ወይም በሌላ መንገድ ማድረስ ግዴታ ነው። ከ14 ቀን ወዲህ ከተነገረ ደግሞ ለዚህ ርቀት እስከ 600 ዩሮ ካሣ ሊኖር ይችላል። ካምፓኒዎች «አድማ ከአቅማችን በላይ ነው» ይሉ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2018 እና በ2021 በሰጣቸው ውሳኔዎች የራስ ሠራተኛ አድማ የሥራው አካል ነው፣ ማምለጫ አይሆንም ብሏል። ይህ ሁሉ ግን ትኬቱን እንደማንኛውም ሰው ለገዛ ነው። ለሕዝብ በማይሸጥ ነፃ ወይም የቅናሽ ትኬት የሚጓዝ ሰው በደንቡ አይሸፈንም። የእርስዎ የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት እንዲህ ያለ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ጊዜ ተጠባባቂ ነው፤ ወንበር ከተረፈ ብቻ። በአድማ ሰሞን የተሰረዙት በረራዎች ተሳፋሪ ሁሉ በቀሩት ላይ ስለሚጫን ወንበር አይተርፍም። ካምፓኒውም እንደ እንግሊዞቹ የጉዞ ጥቅሙን ካገደ ትኬቱ በአንድ ሌሊት ወረቀት ሊሆን ይችላል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን አደርጋለሁ። ክርስትናው ለወንድ 40ኛው፣ ለሴት 80ኛው ቀን ላይ ነው፤ ካምፓኒ አያዘገየውም። ስለዚህ በሌላ አየር መንገድ፣ ገንዘቡን ሰብሰብ አድርጌ፣ መደበኛ ትኬት እገዛለሁ። ልጆቹ ያዋጡ፤ ለእናት ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው በረራ በዚያው ትኬት ላይ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ለብቻው ከተገዛ ዋናው ቢሰረዝ ያኛው አይመለስም። የልጅዎን ትኬት አይጣሉት፤ ለመመለሻ ይያዙት፤ አድማው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሠራ ይችላል። ልጅዎ ደግሞ «ለእማዬ ትኬት ብዬ» አድማውን እንዳትተው። ካምፓኒው ትኬቱን የሚይዘው እንዲህ ብላ እንድታስብ ነው። ሽሮውንና በርበሬውን ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ ክብደቱን ግን በአዲሱ ትኬት ላይ ከተጻፈው ኪሎ ጋር ያመሳክሩ።